መጀመሪያ ማጥራት፣ ቀጥሎ በክሎሪን ማከም፦ የክሎሪን ተረፈ ውህዶችና የጋይንት ደጋ የመጠጥ ውኃ

ክረምት ሲገባ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ ምንጮችን ያጎለብታል፤ ወንዞችን ግን ያደፈርሳል። በዚያው ወቅት የውኃ ወለድ በሽታዎች ስጋት ስለሚጨምር የመጠጥ ውኃን በክሎሪን የማከም ሥራ ይጠናከራል። ሥራው በተጠናከረ ቁጥርም ከተጠቃሚው ኅብረተሰብ ዘንድ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ይኸውም “ተሕዋስያንን የሚገድል ኬሚካል ውሎ አድሮ ሰውንስ አይጎዳም ወይ?” የሚለው ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። ክሎሪን በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ከሚገኝ የዕፅዋትና የአፈር ቅሪት ጋር ሲገናኝ አዳዲስ ውህዶች እንደሚፈጠሩ ሳይንስ ካረጋገጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ከእነዚህ ውህዶች አንዳንዶቹ ለረጅም ዘመን በከፍተኛ መጠን ከተወሰዱ ለጤና ሊያሰጉ ይችላሉ። ይህ እውነት ግን “ክሎሪን ይቅር” ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። የሚያደርሰው ወደ ሌላ ድምዳሜ ነው፦ የውኃው ደኅንነት የሚወሰነው ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት ውኃው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ በሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ይህ ትንተና ጉዳዩን ከነፋስ መውጫና ከአካባቢዋ ወረዳዎች ተጨባጭ ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ይመለከታል።

የኬሚካሉ ውለታና የ1974ቱ ግኝት

ክሎሪን የከተማ ውኃን በቋሚነት ለማከም ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት የጀርሲ ሲቲ ከተማ የውኃ አቅርቦት እ.ኤ.አ. በ1908 በክሎሪን መታከም ከጀመረ በኋላ አሠራሩ በፍጥነት ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ታይፎይድና ኮሌራ ያደርሱት የነበረው እልቂት እንዲገታ ካደረጉ እርምጃዎች መካከል ውኃን ማጣራትና በክሎሪን ማከም በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ይህ ከሆነ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በኔዘርላንድስ የሮተርዳም ከተማ የውኃ አገልግሎት ባልደረባ የነበረው ኬሚስት ዮሃነስ ሮክ ክሎሪን በተጨመረበት የወንዝ ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርምና ሌሎች ተመሳሳይ ውህዶች መኖራቸውን አሳወቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ውጤት ይፋ አደረጉ። ውህዶቹ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጡ አልነበሩም። የተፈጠሩት እዚያው በማከሚያ ጣቢያው፣ ክሎሪኑ ውኃው ውስጥ ከነበረው የተፈጥሮ ቅሪት ጋር ሲዋሐድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዚህ ዓይነት ውህዶች ተለይተዋል። በብዛት የሚገኙትና በቁጥጥር ሥር የዋሉት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። አንደኛው ክሎሮፎርምን ጨምሮ አራት አባላት ያሉት የትራይሃሎሜቴን ቤተሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሃሎአሴቲክ አሲድ ቤተሰብ ነው።

ተረፈ ውህዶቹ የሚፈጠሩበት መንገድ

ክሎሪን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ብረትና ማንጋኒዝ ካሉ ከእነርሱም ጋር ይዋሐዳል። በተለይም የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ሣር ከአፈር ጋር ተብላልቶ ከሚፈጥረው ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ይገናኛል። ይህ ቁስ ውኃን የሻይ ዓይነት ቡናማ መልክ የሚሰጠው ነው። ክሎሪኑ የቁሱን ረጃጅም ሞለኪውሎች ቆራርጦ ከስብርባሪዎቹ ጋር ሲጣበቅ ትራይሃሎሜቴንና ሃሎአሴቲክ አሲድ ይፈጠራሉ።

የሚፈጠረውን መጠን የሚወስኑት ምክንያቶች በሚገባ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያውና ዋነኛው የኦርጋኒክ ቁሱ ብዛት ነው። ሁለተኛው የክሎሪኑ መጠን፣ ሦስተኛው ክሎሪኑና ውኃው አብረው የሚቆዩበት ጊዜ፣ አራተኛው ሙቀት ነው፤ ሦስቱም ሲጨምሩ ውህዶቹ ይጨምራሉ። አምስተኛው የውኃው አሲዳማነት ወይም አልካላይነት፣ ማለትም ፒኤች ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ትራይሃሎሜቴን ይበረክታል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሃሎአሴቲክ አሲድ ያመዝናል። ስድስተኛው በውኃው ውስጥ ያለው የብሮማይድ መጠን ነው፤ ብሮማይድ ባለበት ውኃ ብሮሚን ያዘሉ ውህዶች ይፈጠራሉ።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። ከጥልቅ ጉድጓድ ወይም በአግባቡ ከጎለበተ ምንጭ የሚወጣ ጥርት ያለ ውኃ በአለት ውስጥ ተጣርቶ ስለሚመጣ ኦርጋኒክ ቁሱ አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለው ውኃ በክሎሪን ሲታከም የሚፈጠረው ተረፈ ውህድም አነስተኛ ይሆናል። በአንጻሩ ከወንዝ፣ ከግድብና ከኩሬ የሚቀዳ ውኃ ቅጠላ ቅጠልና አልጌ ስለሚቀላቀልበት ለተረፈ ውህድ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በኢትዮጵያም ጉዳዩ በቀዳሚነት የሚመለከተው ከገፀ ምድር ውኃ የሚጠቀሙ ከተሞችን ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ጎንደር ከተማም ከአንገረብ ግድብ ውኃ ያገኛሉ። በአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚገኘውን የትራይሃሎሜቴን መጠን የለኩ ጥናቶችም በቅርብ ዓመታት ታትመዋል።

አደጋው በሚዛን ሲታይ

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ባወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርም ከ300 ማይክሮግራም፣ ብሮሞፎርምና ዳይብሮሞክሎሮሜቴን እያንዳንዳቸው ከ100 ማይክሮግራም፣ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን ደግሞ ከ60 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመክራል። አራቱ በአንድነት ሲገኙም እያንዳንዳቸው ከየገደባቸው የያዙት ድርሻ ተደምሮ ከ1 መብለጥ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ለአራቱ ድምር 100 ማይክሮግራም፣ አሜሪካ ደግሞ 80 ማይክሮግራም ገደብ አስቀምጠዋል።

አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። 50 ሜትር ኩብ በሚይዝ የከተማ ማጠራቀሚያ ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት የክሎሮፎርም ገደብ ላይ ለመድረስ በጠቅላላው 15 ግራም ክሎሮፎርም መኖር አለበት። ገደቡ የተሰላውም አንድ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ 2 ሊትር ቢጠጣ በሚል ግምት ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት ከገደቡ ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘት ወዲያውኑ የሚያሳምም ክስተት አይደለም፤ በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን እርምጃ የሚጠይቅ ምልክት ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሎሮፎርምን “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል” ከሚባሉ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በክሎሪን የታከመ የመጠጥ ውኃን በጥቅሉ ሲመረምር ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ካንሰር ያስከትላል ወይም አያስከትልም ብሎ ለመመደብ ማስረጃው በቂ እንዳልሆነ ወስኗል። በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ የሕዝብ ጤና ጥናቶች ለአሥርት ዓመታት ከፍተኛ ተረፈ ውህድ ያለበት ውኃ በመጠጣትና በፊኛ ካንሰር መካከል ግንኙነት መኖሩን አመልክተዋል። በእርግዝና ላይ ያለውን ተጽዕኖ የመረመሩት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ውጤቶች አሳይተዋል። ጉዳዩ ችላ የሚባል እንዳልሆነ ሁሉ ለድንጋጤም የሚዳርግ አይደለም።

በሌላኛው የሚዛን ጫፍ ያለው አደጋ ዘመናትን አይጠብቅም። የኮሌራ ባክቴሪያ የገባበትን ውኃ የጠጣ ሰው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊታመም፣ ሕክምና ካላገኘም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በርካታ ምእመናን በሚሰባሰቡበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በሽታው ተከስቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም መዛመቱ የሚታወስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የጋራ የክትትል መርሐ ግብር ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት ደኅንነቱ በተረጋገጠ ሁኔታ የሚቀርብ የመጠጥ ውኃ የሚያገኘው የኢትዮጵያ ሕዝብ 13 በመቶ ያህል ነበር። ለቀሪው ሕዝብ ቀዳሚው ስጋት ክሎሮፎርም ሳይሆን ከሰገራ ወደ ውኃ የሚገባ ተሕዋሲ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያስገነዝባል። ኮሌራ በጥር 1991 እ.ኤ.አ. በፔሩ ተቀስቅሶ በላቲን አሜሪካ ሲዛመት፣ ባለሥልጣናት ተረፈ ውህዶችን ፈርተው ክሎሪን ማቆማቸው ለወረርሽኙ ምክንያት ሆነ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ጥናቶች ዋነኛው ምክንያት ያረጀና የተጓደለ የውኃና የፍሳሽ መሠረተ ልማት እንደነበረ አስረድተዋል። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ አንድ ቁም ነገር አጉልቶ አሳይቷል፤ የሩቁን አደጋ ፈርቶ የቅርቡን መከላከያ መተው ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ተረፈ ውህዶችን ለመቀነስ ሲባል የማከሙ ሥራ ከቶ መጓደል እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልዩ ገጽታ

የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ነፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአካባቢው የውኃ ማማ ነው። ወደ ጣና የሚፈስሱት ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ይነሳሉ። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ደግሞ መሬቱ በገደልና በሸለቆ እየተቆረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ያቆለቁላል። በዚህ ሰፊ አካባቢ ያለው ሕዝብ የመጠጥ ውኃውን ከጎለበቱና ካልጎለበቱ ምንጮች፣ ከጉድጓዶች፣ በአንዳንድ ቀበሌዎችም ከወንዝና ከኩሬ ይቀዳል።

የደጋው አየር ንብረት በክሎሪን ሥራ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት። በአንድ በኩል ውኃው ቀዝቃዛ በመሆኑ ተረፈ ውህዶች የሚፈጠሩት በዝግታ ነው፤ ይህ መልካም ነው። በሌላ በኩል ግን ክሎሪን ተሕዋስያንን የሚገድለውም በዝግታ ይሆናል። በግምት ውኃው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ለተመሳሳይ ውጤት የሚያስፈልገው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቆላ ለግማሽ ሰዓት የሚበቃው ቆይታ በጉና ግርጌ በክረምት ጠዋት ላይበቃ ይችላል። ለደጋ ሰው ተገቢው ጥንቃቄ ክሎሪኑን ማብዛት ሳይሆን ጊዜውን ማራዘም ነው።

ሁለተኛው ገጽታ የክረምቱ ድፍርስ ነው። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ጎርፍ አፈርን፣ የእንስሳትን ፋንድያና የዛፍ ቅጠልን ጠራርጎ ወደ ምንጭ አፍና ወደ ወንዝ ያስገባል። ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ የሚረግፈው ቅጠል በውኃው ውስጥ እየራሰ ቀለምና ኦርጋኒክ ቁስ ይጨምርበታል። ድፍርስ ውኃ በሦስት መንገድ ይጎዳል፦ ተሕዋስያኑ በአፈር ቅንጣት ውስጥ ተሸሽገው ከክሎሪን ያመልጣሉ፤ ቁሱ ክሎሪኑን ስለሚበላው ለቀሪ ጥበቃ የሚተርፍ አይኖርም፤ ጉድለቱን ለመሙላት ክሎሪን ሲታከልበት ደግሞ ተረፈ ውህዱ ይበዛል። እንደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ በተለመደው የክሎሪን መጠን ጨርሶ አይሞቱም፤ የሚወገዱት በማጣራት ወይም በማፍላት ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የውኃ ወለድ በሽታና የተረፈ ውህድ መነሻ በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ እርሱም የውኃው ድፍርስ ነው። ውኃውን ከምንጩ ማጥራት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራም ለሰብል ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር የመጠጥ ውኃ ማከሚያ የመጀመሪያው ደረጃ ሆኖ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። የጉናን የጓሳ፣ የአስታና የጅብራ ሽፋን መጠበቅ፣ ከምንጭ በላይ ያለውን መሬት ከልቅ ግጦሽ መከለል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ባሕር ዛፍን ከምንጭ ዳር ማራቅና በቦታው አገር በቀል ዕፅዋት መትከል በገንዘብ ረገድ ቀላል፣ በውጤት ረገድ ግን ከፍተኛ የሆኑ እርምጃዎች ናቸው።

ከማጠራቀሚያ እስከ ቦኖ

ለከተማና ለገጠር ቧንቧ ውኃ አገልግሎቶች ዋናው መርሕ ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። ውኃው የገፀ ምድር ውኃ ከሆነ በመጀመሪያ ይዘቅጥ፤ በአልሙኒየም ሰልፌትና በአሸዋ ማጣሪያ ይጥራ፤ ክሎሪን የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ይሁን። ገና ያልጠራ ድፍርስ ውኃ ላይ አስቀድሞ ክሎሪን መጨመር ተረፈ ውህድን ከሚያበዙ አሠራሮች ቀዳሚው ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው በጥድፊያ የተጨመረ ክሎሪን በድፍርሱ ተበልቶ ቦኖው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል።

የመጠን ስሌቱም ግልጽ ነው። 50 ሜትር ኩብ ውኃ በያዘ ማጠራቀሚያ ውስጥ በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖር ከተፈለገ በጠቅላላው 100 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። ጥቅም ላይ የሚውለው 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ከሆነ 143 ግራም ያህል መመዘን ይገባል። ይህን በጣሳ ግምት መጨመር ዛሬ ማነስን፣ ነገ መብዛትን ያስከትላል። ሚዛን፣ የመዝገብ ደብተርና የተመደበ ባለሙያ ከውድ መሣሪያ በፊት የሚቀድሙ ግብዓቶች ናቸው። ዱቄቱ እርጥበትና ሙቀት ባለበት መጋዘን ሲቆይ ጥንካሬው እንደሚቀንስም መዘንጋት የለበትም። የትራንስፖርት መስተጓጎል ባለበት ወቅት ረጅም ጊዜ የተከማቸ ክሎሪን እንደ አዲስ ተቆጥሮ ጥቅም ላይ ከዋለ ውኃው ታክሟል ተብሎ ሳይታከም ሊሰራጭ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ፒኤቹ ከ8 በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ተጠቃሚው በሚቀዳበት ቦታ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲገኝ ይመክራል። ከማጠራቀሚያው ሥር የሚከማች ደለል በየጊዜው ካልተጠረገ ክሎሪኑን እየበላ ተረፈ ውህድ ይፈጥራል። በመስመር መጨረሻ ላይ ለቀናት የሚቆም ውኃም እንዲሁ ነው። ስለሆነም ማጠራቀሚያን በየወቅቱ ማጠብና የመስመር ጫፎችን ማፍሰስ የተረፈ ውህድ መቀነሻ ዘዴዎች ናቸው።

በየቤቱ

የቧንቧ ውኃ ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ውኃ የሚታከመው በየቤቱ ነው። ለዚህም “ውኃ አጋር” የተሰኘው ፈሳሽ ክሎሪን፣ “አኳታብስ” የሚባለው እንክብልና ድፍርስን ጭምር የሚያዘቅጠው “ቢሻን ጋሪ” በኢትዮጵያ የሚታወቁ ናቸው። ድፍርስ ውኃ ላይ የፈሳሽ ክሎሪን መጠንን እጥፍ ማድረግ የተለመደ መመሪያ በመሆኑ ይህ ተረፈ ውህድን ከገደብ በላይ ያደርስ እንደሆነ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ ፈትሸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የዚህ ጥናት ውጤት በድፍርስ ውኃም ጭምር ከተመረመሩት ናሙናዎች አንዱም የዓለም ጤና ድርጅትን የትራይሃሎሜቴን ገደብ እንዳላለፈ አሳይቷል። ይህ ለጋይንትና ለስማዳ አርሶ አደር ቤተሰብ የሚያረጋጋ ማስረጃ ነው፤ በትክክለኛ መጠን በቤት ውስጥ የሚደረግ የክሎሪን ሕክምና ጥቅሙ ከስጋቱ እጅግ ያመዝናል።

ያም ቢሆን በቤት ውስጥም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ድፍርስ ውኃ በባልዲ ወይም በጀሪካን ለሰዓታት ረግቶ እንዲጠልል ማድረግ፣ የጠለለውን ብቻ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሎ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፣ ከዚያም በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሮ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይገባል። ክሎሪን ሲበዛ ይበልጥ ያጸዳል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ሽታው ይከረፋል፤ ቤተሰቡ ውኃውን ጠልቶ ወዳልታከመ ምንጭ ይመለሳል፤ ተረፈ ውህዱም ይጨምራል።

ስለ ሽታና ጣዕም ሲነሳ ከአካባቢው ልማድ ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ አለ። እንስራንና ገንቦን በወይራ ማጠን የቆየ የደጋ ባህል ነው። ጭስ ፊኖል የሚባሉ ውህዶችን ይይዛል፤ ፊኖል ደግሞ ክሎሪን ሲያገኝ እጅግ በጥቂት መጠን እንኳ የመድኃኒት ጣዕም የሚሰጥ ውህድ ይፈጥራል። በታጠነ ዕቃ ውስጥ ክሎሪን የተጨመረበት ውኃ ጣዕሙ ቢለወጥ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ክሎሪን የሚጨመርበትን ዕቃ ከሚታጠነው መለየት ችግሩን ያቃልላል።

ክሎሪን ለማይገኝበት ጊዜ ማፍላት አስተማማኝ አማራጭ ነው። በነፋስ መውጫ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቢሆንም ይህ ሙቀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ስለሚተን የታከመ ውኃ ያለ ክዳን ሲፈላ አብዛኛው ትራይሃሎሜቴን ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ይሁን እንጂ ማፍላት ማገዶ ይጠይቃል፤ ማገዶው ደግሞ ውኃውን የሚያጠራውን ደን ይነካል። የፈላ ውኃ ቀሪ ክሎሪን ስለማይኖረው ንጽሕናው ባልተጠበቀ ዕቃ ውስጥ እንደገና ሊበከልም ይችላል። በመሆኑም ማፍላት ክሎሪንን የሚያግዝ እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚተካ አይደለም።

ሌሎች የማከሚያ ዘዴዎችም ከዋጋ ነጻ አይደሉም። ኦዞን ብሮማይድ ባለበት ውኃ ውስጥ ብሮሜት የተባለ ሌላ ተረፈ ውህድ ይፈጥራል። ክሎራሚን ትራይሃሎሜቴንን ቢቀንስም የራሱ ናይትሮጅን ያዘሉ ውህዶች አሉት። አልትራቫዮሌት ጨረር በቧንቧው ርዝመት የሚቆይ ጥበቃ አይሰጥም፤ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይልም ይፈልጋል። ለጋይንትና ለአካባቢው ወረዳዎች አቅምና መልክዓ ምድር ክሎሪን ዛሬም ተመራጭ መሆኑ ከዚህ የመነጨ ነው።

ቁጥጥርና የተቋማት ድርሻ

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ ለማድረግ ፖሊሲዎች መቀረጽ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200ም ጥራቱ ያልተረጋገጠ ውኃ ከምንጭ፣ ከጉድጓድም ሆነ በቧንቧ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። የጥራት ማረጋገጥ ግዴታ በኢትዮጵያ የሕግ አስተሳሰብ ውስጥ አዲስ እንዳልሆነ ይህ ያመለክታል።

ትራይሃሎሜቴንን ለመለካት ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተሰኘ መሣሪያና የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን በየወረዳው ማሟላት ለጊዜው አዳጋች ነው። በወረዳ ደረጃ ሊለኩ የሚችሉ ሦስት ቀላል መለኪያዎች ግን አሉ፦ ድፍርስነት፣ ፒኤች እና ቀሪ ክሎሪን። ሦስቱ በየሳምንቱ ተለክተው ከተመዘገቡ የተረፈ ውህድ ስጋት የት እንዳለ በበቂ ሁኔታ ይጠቁማሉ። ድፍርስነቱ ዝቅተኛ፣ ክሎሪኑ በመጠኑ የሆነበት ምንጭ ስጋቱ ትንሽ ነው። በክረምት ድፍርስነቱ የሚያሻቅብና የክሎሪን ፍጆታው የሚጨምር አገልግሎት ደግሞ ናሙናው በክልልና በፌዴራል ላቦራቶሪዎች እንዲመረመር ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ኢትዮጵያ ተግባራዊ እያደረገችው ያለው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የውኃ ደኅንነት ዕቅድም ስጋትን ከተፋሰሱ ጀምሮ እስከ መጠጫው ዕቃ ድረስ ደረጃ በደረጃ መለየትን መሠረት ያደርጋል።

በዚህ ሥራ የውኃ፣ የጤና፣ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ዘርፎች ድርሻ የተሳሰረ ነው። የምንጭ ዳር ተዳፋትን የሚያለማው ግብርና፣ ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ውኃ አገልግሎት፣ በየቤቱ ዞሮ የሚያስተምረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ምንጩን የሚጠብቀው የውኃ ኮሚቴ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲጓደል ሸክሙ በሙሉ በክሎሪኑ ላይ ይወድቃል፤ ተረፈ ውህድ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው።

በጥቅሉ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ቤተሰብ ከሁለት አደጋዎች አንዱን ለመምረጥ አይገደድም። ክሎሪን ያልነካው ውኃ የዛሬ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሳይጠራ በክሎሪን የተጥለቀለቀ ውኃም ለነገ የሚተርፍ ስጋት ይኖረዋል። ምንጩ ተከልሎ፣ ድፍርሱ ጠልሎ፣ ክሎሪኑ በልክ የተጨመረበት ውኃ ግን ከሁለቱም ይጠብቃል። ከመጪው ክረምት በፊት በየምንጩና በየማጠራቀሚያው ሊሠራ የሚገባው ሥራም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ማጥራት፣ ቀጥሎ ማከም።